«3 ቀን በነጻ» የሚሉ የቅሪተ አካል መለያ አፖች፦ ካርዳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

ድንጋይ ፎቶ ስታነሱ «ይህ ቅሪተ አካል ነው» እያሉ ስሙንና ዕድሜውን የሚነግሩ አፖች በዝተዋል። ማውረዱ ነጻ ነው። ስትከፍቱት ግን «3 ቀን በነጻ ይሞክሩ» የሚል ትልቅ ቁልፍ ይመጣል፤ ከሥሩ ደግሞ በደቃቅ ፊደል ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሂሳብ እንደሚቆረጥ ተጽፏል። መዝጊያዋ ኤክስ ደብዝዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ አንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ካልጠበቃችሁ ጭራሽ አትታይም። በሳምንት 5 ዶላር ቀላል ይመስላል፤ በ52 ሲባዛ 260 ዶላር ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው አፑን ከስልኩ ሲያጠፋ ክፍያውም የቆመ እየመሰለው ነው። አይቆምም። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ከላይ ስማችሁን፣ ከዚያ ሰብስክሪፕሽንስ ገብታችሁ ሰርዙ። አንድሮይድ ላይ ፕሌይ ስቶር ከፍታችሁ የፕሮፋይል ፎቷችሁን፣ ቀጥሎ ፔይመንትስ ኤንድ ሰብስክሪፕሽንስ የሚለውን ንኩ። ነጻው ጊዜ ሊያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው መሰረዝ አለበት፤ በመጨረሻው ቀን ማታ የሰረዘ ሊቆረጥበት ይችላል።

ገንዘቡስ ይሁን፣ መልሱስ? አፑ ፎቷችሁን ከተማረባቸው ምስሎች ጋር እያመሳሰለ ከዝርዝሩ ቀረብ ያለውን ስም ይሰጣችኋል። ብዙውን ጊዜ «ይህ ተራ ድንጋይ ነው» ማለት አይሆንለትም፤ ድቡልቡል ድንጋይ ስታሳዩት የዳይኖሰር እንቁላል ይላችኋል። ሌላው ወጥመድ ዴንድራይት ነው። በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ማንጋኒዝ ያዘለ ውሃ ሰርጎ ሲገባ ጥቁር፣ የፈርን ቅጠል የመሰለ ቅርንጫፍ ይተዋል። ሕይወት የነበረው ነገር ግን አይደለም። በአጉሊ መነጽር ስታዩት መሐል አከርካሪም የቅጠል ሥርም የለውም፤ ዝም ብሎ እየቀጠነ ይበታተናል።

ከሁሉም የከፋው ቅሪተ አካል ሻጮች የአፑን ስክሪንሾት እንደ ማረጋገጫ ወረቀት ሲለጥፉ ነው። አፑ የሚያየው ቅርጽን ነው፣ ዕቃው ከምን እንደተሠራ አያውቅም። ከሬዚን (ፈስሶ ከሚደርቅ ፕላስቲክ መሰል ነገር) የተቀዳ የሞሮኮ ትራይሎባይት (በጥንት ባሕር ይኖር የነበረ፣ ዘሩ የጠፋ ባለ ቅርፊት እንስሳ) ብታሳዩት ያለምንም ማመንታት «ትራይሎባይት» ይላል፤ ቅርጹ እኮ ልክ ነው! ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ገጹን ቃኙት፦ መርፌ የወጋው የሚመስል ክብ የአየር ቀዳዳ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሬዚን ነው። እንስሳውና ዙሪያው ያለው ድንጋይ በቀለምም በሸካራነትም አንድ ዓይነት ከሆኑ ተጠራጠሩ።

ዕቃው አምበር (ከጊዜ ብዛት የጠነከረ የጥንት ዛፍ ሙጫ) ነው ከተባለ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ጣሉት። አምበር ይንሳፈፋል፤ ብርጭቆና አብዛኛው ፕላስቲክ ይሰምጣል። ኮፓል የሚባለው ገና ያልበሰለ ሙጫ ግን እሱም ስለሚንሳፈፍ፣ በማይታይ ጎኑ አንድ ጠብታ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) አድርጉበትና ንኩት። ጣት ላይ ከተጣበቀ ኮፓል ነው።

አገር ቤት፣ አባይ በረሃም ይሁን አፋር፣ የሆነ ነገር ካገኛችሁ አታንሱት። ጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡ፣ ብርሃን ከጎን እንዲመጣ አድርጋችሁ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱት፣ የጂፒኤስ ቁጥሩን መዝግቡና ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት፤ «አፑ ዋጋ የለውም አለኝ» ማለት አያድናችሁም።