ማመልከቻ የሚያጣራው ሶፍትዌር፦ ከአንድ የቅጥር ዙር በኋላ የተሰጠ ግምገማ

የምሠራበት ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ሠራተኞች ያሉት አስመጪ ሲሆን፣ በሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሉ ያለነው ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ነን። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ማመልከቻ ማጣራትን፣ ደብዳቤ ማርቀቅንና የሠራተኞችን የመብትና የጥቅማጥቅም ጥያቄ መመለስን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራል የተባለ የውጭ አገር ሶፍትዌር ተከራየን። ክፍያው በተጠቃሚ ቁጥር ልክ በየወሩ በዶላር የሚታሰብ በመሆኑ የፋይናንስ ክፍላችን ገና ከጅምሩ ፊቱን አጥቁሮበታል። የሶፍትዌሩን ስም የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የማነሣቸው ጉድለቶች የእሱ ብቻ ናቸው ብዬ ስለማላምን ነው።

በደብዳቤ ሥራ በኩል ያገኘነው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ቀድሞ ግማሽ ቀን ይፈጅብን የነበረው የሥራ መዘርዝር አሁን በአንድ ሰዓት ተረቆ ታርሞ ያልቃል፤ ለሁሉም ተወዳዳሪ እኩል የሚቀርብ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ ሲያዘጋጅም ከእኛ የተሻለ ትዕግሥት አለው። አማርኛው የሚያስነቅፈው በአክብሮትና በጾታ አጠቃቀሙ ነው። ለአንዲት ባልደረባችን ያረቀቀው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ «መገኘት አለብህ» ብሎ ጨርሷል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሳይነበብ ከግል ማኅደር ቢገባ፣ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት መሳቂያ የምንሆነው እኛ ነን።

ዋናው ጉዳይ ግን ማጣሪያው ነው፤ ሶፍትዌሩን የገዛንበት ምክንያትም እሱ ነበር። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ለሲኒየር አካውንታንት መደብ አምስት ዓመት አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ አውጥተን ከሦስት መቶ በላይ ማመልከቻ ደረሰን። ሶፍትዌሩ ሁሉንም በጥቂት ደቂቃዎች አንብቦ ለእያንዳንዱ ከመቶ ነጥብ ሰጠ። ከላይ ያሉትን አሥር ሰዎች ለመጥራት ተዘጋጅተን ሳለ፣ የአንደኛዋን የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሁ ለማየት ያህል ከፈትኩት። ማስረጃው «ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ» ይላል፤ ሶፍትዌሩ ይህን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ የአራት ዓመቱን ልምድ አሥራ አንድ ዓመት አድርጎታል።

ይህን ካየሁ በኋላ ከታች ያሉትን ማኅደሮች ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም። አንድ አመልካች በዲግሪው ላይ የተመረቀበት ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር 2018 ተብሎ ሰፍሯል፤ ቀጣሪው የጻፈለት ማስረጃ ደግሞ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. መሆኑን ይገልጻል። እኛ እንደምናውቀው ይህ ሰው ተመርቆ በወራት ውስጥ ሥራ የያዘ ሲሆን፣ ወደ ሰባት ዓመት የሚጠጋ ልምድ አለው። ለሶፍትዌሩ ግን ሰውየው ሊመረቅ ሰባት ዓመት ሲቀረው ሥራ የጀመረ አጭበርባሪ ነው፤ ስለዚህ «የቀን መጋጨት» የሚል ቀይ ምልክት አድርጎበት ከዝርዝሩ ግርጌ ወረወረው። ዲግሪው በአንድ አቆጣጠር፣ የቀጣሪው ደብዳቤ በሌላ አቆጣጠር መሆኑ በአገራችን ማኅደሮች ውስጥ በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። በዚሁ ምክንያት ወደ ታች የወረዱትን ለይተን ለማውጣት ሦስታችንም ሁለት ቀን ሙሉ ስንገለብጥ ከረምን፤ ጊዜ ይቆጥባል የተባለው መሣሪያ ይህን ሥራ ጨመረልን ማለት ነው።

ስምም እንዲሁ አስቸግሮታል። ፀሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በዲግሪው ላይ በአንድ መልክ፣ በመታወቂያው ላይ በሌላ መልክ ስለተጻፈ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ደምድሟል። የቃለ መጠይቅ ጥሪውን ሲያረቅ ደግሞ የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስድ፣ ሦስት ስም በጻፉ አመልካቾች ዘንድ ለፈተና የተጠሩት አያቶቻቸው ሆነው ተገኝተዋል።

የሠራተኞችን ጥያቄ የሚመልሰው ክፍል የሚያሳስበኝ ከሳቅ በላይ በሆነ ምክንያት ነው። ስለ ወሊድ ፈቃድ ስጠይቀው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ሲል መለሰ። ይህ በአዋጅ ቁጥር 377/1996 የነበረ ነው፤ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለውን 90 ቀን አድርሶታል። የሙከራ ጊዜንም 60 የሥራ ቀን በማለት ፈንታ 45 ቀን ብሎ የአሮጌውን አዋጅ ቁጥር ደግሟል። አዋጁን ራሱን ስንሰጠው መልሱ ቢሻሻልም፣ ስካን የተደረገው ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ስለሚያትም ሁለቱን ዓምዶች እያጣመረ ያነበበበት ጊዜ ነበር። የአማርኛውን ጽሑፍ ለብቻው በኮምፒውተር ተይበን ከሰጠነው ወዲህ ግን ስሕተት አላገኘሁበትም፤ ይህን ድካም ለመውሰድ የተዘጋጀ ክፍል ይጠቀምበታል።

ችግሩ የእኛን የቀን አቆጣጠር አለማወቅ ብቻ እንዳልሆነ የአማዞን ገጠመኝ ያሳያል። ኩባንያው ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያበለጸገው የማመልከቻ መመዘኛ፣ የተማረባቸው ያለፉት ዓመታት ማመልከቻዎች በአብዛኛው የወንዶች ስለነበሩ፣ የሴቶች የሚል ቃል ያለበትን ማመልከቻ ዝቅ አድርጎ ይመዝን ነበር፤ በመጨረሻም መተዉ በ2018 እ.ኤ.አ. በዜና ወጥቷል። ኒው ዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ፣ አሠሪዎች እንዲህ ያለ መሣሪያ በቅጥር ላይ ከመጠቀማቸው በፊት አድልዎ ያለበት መሆን አለመሆኑ በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር ያስገድዳል። እኛ ሶፍትዌሩን ስንገዛ ሻጩን እንዲህ ያለ የምርመራ ውጤት አልጠየቅንም፤ የአመልካቾቹ ስልክ፣ ፎቶግራፍና የትውልድ ቀን የሚቀመጥበት ሰርቨር የት አገር እንደሆነም የጠየቅነው ከገዛን በኋላ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህን ማዘግየታችን የእኛ ጥፋት ነው።

ውሉን ያደስነው የማጣሪያውን ክፍል አስወጥተን፣ ደብዳቤና የሥራ መዘርዝር ለማርቀቅ ብቻ በአንድ ተጠቃሚ ሒሳብ ነው። ወደ ግርጌ ተጥለው ከነበሩት ውስጥ አራቱ ለጽሑፍ ፈተና ተጠርተዋል፤ የጥሪውን ደብዳቤ ሶፍትዌሩ አረቀቀው፣ ስማቸውን ግን እኔ ራሴ ጻፍኩት።