ከቪየና እስከ ኮምቦልቻ፦ የተጎዳ ዕቃና የባቡር አጓጓዡ ተጠያቂነት

ደሴ ለሚገኘው የእህቴ ልብስ ስፌት ቤት ከምኖርበት ከቪየና የላክኋቸው የስፌት መኪናዎች እስከ ሐምቡርግ በባቡር፣ ከዚያ እስከ ጅቡቲ በመርከብ፣ ከጅቡቲ እስከ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ደግሞ በከባድ መኪና ተጉዘዋል። ለዕረፍት አገር ቤት ገብቼ ዕቃውን ራሴ ስለተረከብኩ፣ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ያየሁትን ያህል እመሰክራለሁ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ኮምቦልቻ ያገኘሁትን ትራንዚተር ነው። ሣጥኖቹ እንደወረዱ ሾፌሩ ርክክቡ ቶሎ እንዲፈረምለት ሲጠይቅ፣ «ወንድም ዓለም፣ ተከፍቶ ቢታይ የሚበጀው ላንተ ነው» ብሎ አስቆመው። ኦቨርሎኩ (የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጨው የስፌት መኪና) ያለበት ሣጥን ላይ የተለጠፈው የምት ጠቋሚ፣ ማለትም ሣጥኑ በኃይል ሲመታ የሚቀላው ምልክት፣ ቀልቷል፤ ሲከፈት የስፌት መኪናው የብረት አካል ከሥሩ ተሰንጥቆ፣ የመርፌ ዘንጉም ተጣሞ ተገኘ። ዕቃው ሐምቡርግ ላይ ከባቡር ሲወርድ ወኪሌ ጠቋሚው መቅላቱን አይቶ፣ ከመረከቡ በፊት አጓጓዡን ቃለ ጉባኤ አስይዞት ነበር። ትራንዚተሩ ያንን ወረቀት ከሣጥኑ ጋር አስተያይቶ፣ ከውጭ ሌላ አዲስ ምት አለመኖሩን በርክክብ ሰነዱ ላይ ጻፈና ሾፌሩን አስፈረመው። እኛ ዘንድ የተሰበረ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ መንገድ ይሳበባል፤ ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰውም ሾፌሩ ነው። የባቡር አጓጓዡ የመጀመሪያ መልስም «ጉዳቱ በመኪና ጉዞው የደረሰ ሊሆን ይችላል» የሚል ነበር።

በአውሮፓ አገሮች መካከል በባቡር የሚጓዝ ጭነት የሚተዳደረው፣ በ1999 ተሻሽሎ በ2006 ሥራ ላይ በዋለው ኮቲፍ በተባለው የዓለም አቀፍ ባቡር ትራንስፖርት ስምምነት ሥር ባለው ሲም በተባለው ደንብ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በደንቡ መሠረት አጓጓዡ ዕቃውን ከተቀበለበት ጊዜ አንስቶ እስኪያስረክብ ድረስ ለሚደርሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ባለዕቃው የአጓጓዡን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። አጓጓዡ ነፃ የሚወጣው ጉዳቱ በባለዕቃው ጥፋት፣ ከዕቃው ተፈጥሮ ወይም ሊያስቀረው በማይችለው ምክንያት መድረሱን ሲያስረዳ ሲሆን፣ የአስተሻሸግ ጉድለትንም መከላከያ አድርጎ ማንሳት ይችላል። እኔንም በሁለተኛው ደብዳቤ የተከራከረኝ በዚሁ ነበር፤ ሣጥኖቹ ሲታሸጉ የተነሱትን ፎቶግራፎች ልኬ መለስኩለት። ካሳው ግን ጣሪያ አለው፤ በዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ለአንድ ኪሎ 17 ኤስዲአር ነው፤ 40 ኪሎ ለሚመዝን መኪና ከ680 ኤስዲአር አያልፍም። ለውድ ዕቃ ይህ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ሲላክ ዋጋውን በጭነት ሰነዱ ላይ ለማስመዝገብ ከአጓጓዡ ጋር መስማማት ወይም ኢንሹራንስ መግባት ያስፈልጋል።

በርክክብ ጊዜ ከውጭ የማይታይ ጉዳት ቢገኝ፣ እንደታወቀ ወዲያው፣ ቢዘገይ ከርክክቡ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ እንዲጣራ ካልተጠየቀ መብቱ ይቀራል። ዕቃው ኮምቦልቻ እስኪደርስ ይህ ጊዜ ስለሚያልፍ፣ የሐምቡርጉ ቃለ ጉባኤ ባይኖር ኖሮ የኮምቦልቻው ጥንቃቄ ብቻውን ባላዳነኝ ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ሐዲድ መደበኛ የጭነት አገልግሎት ሲሰጥ፣ የወሎ ነጋዴም ዕቃ ከባቡር በሚወርድበት ቦታ ሁሉ የሚፈርምለት ሰው ሊኖረው ይገባል።

የሐረጎን ዳገት አልፎ ደሴ ያደረሰን አይሱዙ በጥንቃቄ ነድቷል። ደሴ ያለው ጠጋኝም ስንጥቁ ቢበየድ እንደማይጸና በግልጽ ነግሮኝ፣ የስፌት መኪናው ዋጋ ምን ያህል እንደቀነሰ በጽሑፍ ሰጥቶኛል።

ያንን ግምት አያይዤ የካሳ ጥያቄዬን አስገብቻለሁ። የይርጋው ጊዜ በመደበኛው አንድ ዓመት ቢሆንም፣ አጓጓዡ ጥያቄውን በጽሑፍ ውድቅ አድርጎ ሰነዶቹን እስኪመልስ ድረስ ቆጠራው ይታገዳል፤ ስለዚህ በስልክ የሚሰጠኝን መልስ አልቀበልም።