የድረ ገጻችንን ኮድ ላጸዳችልን ባለሙያ፦ እጅሽ ይባረክ

ድረ ገጽ ኖሯችሁ ጉግል ላይ አልወጣ ብሎ ለተቸገራችሁ ሁሉ ይህችን ባለሙያ ሳልጠቁም ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ከእሷ በፊት «ኤስኢኦ (ድረ ገጽ በፍለጋ ውጤት ላይ ጎልቶ እንዲወጣ ማድረግ) እንሠራለን» ብለው የመጡት ያደረሱት ጉዳት አሁንም ያንገበግበኛል። በፕለጊን (ድረ ገጹ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ላይ ፕለጊን ደረቡ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ካኖኒካል (ከተመሳሳይ ገጾች ዋናው የትኛው እንደሆነ ለጉግል የሚጠቁም የኮድ መስመር) ስለሚጽፉ አንዱ ገጽ ሁለት የሚጋጩ ካኖኒካሎች ተሸከመ። የሜታ ኪወርድ መስመሩን፣ ማለትም የገጹ ቁልፍ ቃላት የሚዘረዘሩበትን የኮድ መስመር፣ በቃላት አጨቁት። ጉግል ያንን መስመር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. በይፋ ተናግሯል! ክፍያቸውን ተቀብለው ከሄዱ በኋላ ስልክ እንኳ አላነሱም።

እሷ ሙሉ ባክአፕ ሳትወስድ አንዲት ፊደል አልነካችም። ከዚያ አንዱን ፕለጊን አጠፋች፤ በየገጹ አንድ ካኖኒካል ብቻ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን «ተስተካክሏል» ብሎ ሂሳቡን ይጠይቅ ነበር። እሷ ግን ጉግል ገጹን እንደገና እስኪያነበው ጠብቃ ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀው መሣሪያ) ውስጥ ገጹን መረመረች። መሣሪያው ባለቤቱ ያመለከተው ካኖኒካል የለም ይላል። ሶርስ ኮዱ ላይ ግን መስመሩ በግልጽ ተጽፏል።

ጉዱ ያለው ከካኖኒካሉ በላይ ነበር። ሄድ (ስክሪን ላይ የማይታየው የገጹ ኮድ የመጀመሪያ ክፍል) ውስጥ የቻት መስኮት ዲቭ (የሚታይ ይዘት የሚይዝ የኮድ ሳጥን) ተለጥፏል። ዲቭ ሄድ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ብራውዘርም ጉግልም እሱን ሲያገኙ ሄዱ እዚያ ላይ አለቀ ብለው ይወስዳሉ፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ ቦዲ (የሚታየው የገጹ ክፍል) ውስጥ ይወድቃል። ቦዲ ውስጥ የወደቀ ካኖኒካል ደግሞ ጉግል አይቀበለውም። በዚህ ምክንያት አድራሻቸው ላይ የጥያቄ ምልክትና የማጣሪያ ኮድ የተቀጠለባቸው የአንድ ገጽ ቅጂዎች ሁሉ ባለቤቱ ዋናውን ገጽ ያልጠቆመላቸው ድግግሞሽ ሆነው ተቆጥረዋል። ስክሪን ላይ ምንም የሚጎድል ነገር ስለሌለ በዓይን አይያዝም። ዲቩን ቆርጣ ቦዲው መጨረሻ ላይ አስቀመጠችው፤ በቃ፣ መፍትሔው ይኸው ነበር። እነዚያ ቅጂዎች ዛሬ ሪፖርቱ ላይ ትክክለኛ ካኖኒካል ያላቸው አማራጭ ገጾች ተብለው ተመድበዋል።

ሌላውንም በዚያው ጥንቃቄ ሠራችው። ሜኑው በኦንክሊክ (ሰው ሲጫነው ብቻ በሚሠራ ትእዛዝ) ብቻ ይከፈት ስለነበር ጉግል ተከትሎት አይገባም፤ እያንዳንዱን ኤችሬፍ (የሚወስድበት ገጽ አድራሻ) ወዳለው እውነተኛ ሊንክ ቀየረችው። ኖኢንዴክስ (ገጹ በፍለጋ ውጤት እንዳይወጣ የሚል ትእዛዝ) የተጻፈባቸው ገጾች በሮቦትስ ፋይልም (ጉግል የትኞቹን ገጾች እንዳይከፍት በሚነግረው ፋይል) ታግደው ነበር፤ ጉግል ገጹን ካልከፈተ ኖኢንዴክሱን ከየት ያነበዋል? እገዳውን አነሳችው። ከገጹ አናት ካለው ትልቅ ፎቶ ላይ ሌዚ ሎዲንጉን አወጣች፤ ያ ፎቶ በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት ሲገባው ጭራሽ ቆይቶ እንዲመጣ ታዞ ነበር። ምስሎቹ ሲመጡ ጽሑፉ ከቦታው እንዳይዘል ለምስሎቹ ሁሉ ስፋትና ቁመት ጻፈችላቸው።

ከሙያዋ በላይ ልቤን የነካው ግን ሐቀኝነቷ ነው። «ኮድ ማጽዳት እንቅፋት ያነሳል እንጂ አንደኛ አያወጣም፤ ይዘቱ የእናንተ ሥራ ነው» ብላ ገና ከመጀመሪያው ነገረችን። ስትጨርስም የነካችውን መስመር ሁሉ በፊት ምን እንደነበር፣ አሁን ምን እንደሆነ፣ መመለስ ቢያስፈልግ እንዴት እንደሚመለስ በዝርዝር ጽፋ አስረከበችን። ማንም ያልጠየቃትን! እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጅሽ ይባረክ።

ድረ ገጽ ያላችሁ፣ እባካችሁ በእሷ አሠሩ። አድራሻዋን ለጠየቀኝ ሁሉ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ሰርች ኮንሶል ላይ በራሷ ኢሜይል ተጠቃሚ አድርጋችሁ አስገቧት፤ የይለፍ ቃላችሁን ብትሰጧትም አትቀበልም።