በሰፈር ብየዳ ቤት ያሠራሁት የብረት ዥዋዥዌ፦ ክረምት ካለፈበት በኋላ

አምና በጋ ላይ ያሠራሁት የልጆች ዥዋዥዌ ክረምቱን ጨርሷል። ሁለት መቀመጫ አለው። ልጆቼና የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ከተመለሱ ከላዩ አይወርዱም። ብረቱ ራሱ ምንም አልሆነም። አልጎበጠም፣ አንድም ብየዳ አልተሰነጠቀም። ዋና ችግር ያየሁት ሁለት ቦታ ነው፤ ሰንሰለቱ የሚንጠለጠልበት ላይና እግሩ ከመሬት የሚገናኝበት ላይ።

እግሮቹና አግዳሚው ባለ 2 ኢንች ክብ ጥቁር ቱቦ ናቸው። በያጁ መጀመሪያ ያቀረበልኝ 1.5 ሚሊ ውፍረት ያለውን ነበር። «ማዘር፣ ለልጅ እኮ ነው፣ ይበቃል» አለኝ። እኔ 2.5 ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ። ምክንያት አለኝ። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሲመለስ፣ ታች ላይ ሲደርስ ሰንሰለቱን የሚጎትተው 60 ኪሎ እንደተንጠለጠለበት ሆኖ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ላይ ሲወዛወዙ ደግሞ አስቡት። በዚያ ላይ ቀጭን ቱቦ ሲበየድ ቶሎ ይበሳል። ብረት ስትገዙ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያዙ፤ 2.5 ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ 2.5 አይደለም።

ጋልቫናይዝድ (እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ ይሻላል የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። ለሚበየድ ሥራ አልመክርም። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይተናል፤ ብረት የሚቀልጠው ግን 1,500 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መከላከያው በጣም በሚያስፈልግበት በመገጣጠሚያው ላይ ተቃጥሎ ይጠፋል። ጭሱም በያጁን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዘዋል። ጥቁር ቱቦ ገዝቶ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ጊዜ መቀባት የተሻለ ነው። የአግዳሚው ጫፍና ጫፍ በላሜራ ተዘግቷል። ይህን እንዳትረሱ። ክፍት ከተተወ ዝናብ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ደግሞ አይታይም።

ቁመቱን የወሰነልኝ ግቢው ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ለቤት መጫወቻዎች ባወጣው መመሪያ፣ ከዥዋዥዌው ፊትና ኋላ የአግዳሚው ከፍታ እጥፍ ያህል ቦታ ልጅ ቢወድቅ በማይጎዳ ለስላሳ ነገር ይሸፈን ይላል። አግዳሚው 2 ሜትር ከሆነ ከፊት 4 ሜትር፣ ከኋላ 4 ሜትር ማለት ነው። የአዲስ አበባ ግቢ ይህን በቀላሉ አይሰጥም። እኔ 2.30 አስቤ ነበር፤ አጥሩ ቅርብ ስለሆነ 2 ሜትር ላይ አቆምኩት። ልጆቹ ልዩነቱን አላወቁትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በያጁ ሰንሰለቱን ያንጠለጠለው ከፌሮ በተጠማዘዘ ቀለበት ነው። ቀለበቱን ከአግዳሚው ሥር በየደና ሰንሰለቱን አስገባበት። ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ መጮህ ጀመረ። ግራሶ ስንቀባው ዝም ይላል፣ ሰንብቶ ደግሞ ይጮሃል። ከዚያ ልጄ ትከሻዋ ላይ ጥቁር ዱቄት ይዛ መጣች። መሰላል አቁሜ ወጣሁና አየሁት። ሰንሰለቱ የሚያርፍበት ቦታ እንደ ብር እያበራ ቦይ ሠርቷል፤ ፌሮው ሲሶው ተበልቷል። ብረት በብረት ላይ ሲፈተግ ይህ የግድ ነው። ያለ ጩኸትም ይበላል። ስለዚህ ጩኸቱን ብቻ አትጠብቁ፣ እየወጣችሁ እዩ።

መፍትሔው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። አጭር ቱቦ ተቆርጦ ከአግዳሚው ሥር ተበየደ፣ ግራና ቀኙ ኩሽኔታ ገባበት፣ መሃሉ ላይ ብሎን አለፈ። ዳዶው እንዳይፈታ ሌላ ዳዶ ተደርቦበታል። አሁን ድምፅ የለም። ልጆቹም ትንሽ ሲገፏት ብዙ ትሄዳለች ይላሉ። ከመጀመሪያው ይህን ማዘዝ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ትንሽ ነገር ነው። ዘይት መጨመር የማያስፈልገው፣ ሁለት ጎኑ የተሸፈነ ኩሽኔታ ግዙ፤ ክፍቱን አቧራ ይጨርሰዋል።

እግሩ ጋ ያለው ጣጣ የአፈሩ ነው። የእኛ ሰፈር ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። እግሮቹ 60 ሴንቲ ጠልቀው ኮንክሪት ተሞልቶባቸዋል። እንዲያም ሆኖ ነሐሴ ላይ ውሃ ልክ ሳስቀምጥ አንደኛው እግር ጥቂት ከፍ ብሏል። አደጋ የለውም፤ እግሮቹ ጎን ለጎን በአግድም ቱቦ ስለተያያዙ አልተጣመመም። ዋልካ ላይ የምትሠሩ ያቺን አግድም ቱቦ አታስቀሩ። ዝገቱ የጀመረው ግን ኮንክሪቱና ቱቦው በሚገናኙበት ቀለበት ላይ ነው። ሁለቱ እግሮች ዙሪያ ኮንክሪቱ ጎድጎድ ብሎ ስለቀረ ውሃ ይተኛበታል። ሌሎቹ ሁለቱ ጉብ ብለው ስለተለሰኑ ንጹሕ ናቸው። ልዩነቱ ይህን ያህል ግልጽ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

መቀመጫው የመኪና ጎማ ነው፤ በረባሶ የሚሠራ ሰው ቆርጦ ሰጠኝ። በጣም ወድጄዋለሁ። ፀሐይ አልሰነጠቀውም፣ ዝናብ አልጎዳውም፣ ባዶውን ተመልሶ ልጅ ቢመታ እንደ ብረትና እንደ ጣውላ አይጎዳም። ሽቦ ያለውን ጎማ ግን አትቀበሉ፣ ጫፉ ወጥቶ ይወጋል። ሰንሰለቱ ጣት እንዳይቆነጥጥ እጅ የሚይዝበትን ቦታ በውሃ ጎማ ሸፍነናል።

አሁን የቀረው ቀለም ነው። ብየዳው ላይ የሚቀረው ቅርፊት በደንብ ያልተራገፈባቸው ማዕዘኖች ላይ ቀለሙ ተልጦ ቡኒ ነጠብጣብ ወጥቷል። በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ እንደገና አንቲረስት ይቀባል። ለጥቅምት ቀጥሬዋለሁ፤ እርጥብ ብረት ላይ ቀለም አይይዝም።