አምስት መጠን የያዘው የጥርስ መጠገኛ ሳጥን ለሆንዳ ጂኤክስ 160 ምን ያህል ይበቃል?

የቡሎን ጥርስ ለተበላበት ጉድጓድ ተብሎ በየመሳሪያ መሸጫው የሚገኘው ስም የለሽ የፕላስቲክ ሳጥን አምስት መጠን ይይዛል፦ 5፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ሚሊ። ለእያንዳንዱ መጠን ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ)፣ ታፕ (ጥርስ መቁረጫ)፣ የስፕሪንግ ማስገቢያ ዘንግ፣ የስፕሪንጉን ጭራ መስበሪያ እና በርከት ያለ የሽቦ ስፕሪንግ አለው፤ ስፕሪንጉን ብዙ ባለሙያ ሄሊኮይል ይለዋል። እዚህ የምንመዝነው በአንድ ሞተር ነው፦ በመስኖ ፓምፕ፣ በትንሽ ጄኔሬተር እና በኮንክሪት ቫይብሬተር ላይ የሚገኘው ሆንዳ ጂኤክስ 160፣ እሱን አስመስለው የተሠሩትንም ጨምሮ።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ስፕሪንጉ ጥሩ ነው፣ ታፑ በጥንቃቄ ከተያዘ ያገለግላል፣ ፑንታው አይታመንም። የሚያናድደው ሌላ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ቶሎ ቶሎ የሚበላሹት ሁለቱ ጉድጓዶች፣ የካንዴላው እና የዘይት ማፍሰሻው፣ መጠናቸው ሳጥኑ ውስጥ የለም።

ነገሩ ያለው ፒቹ ላይ ነው፤ ማለትም ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት። የማፍሰሻው ቡሎን 10 ሚሊ ነው፤ ፒቹ ግን 1.25 ሲሆን የሳጥኑ 10 ደግሞ 1.5 ነው። ሻጩ «10 ያው 10 ነው» ይላል። የ1.5 ስፕሪንግ ተገጥሞ የ1.25 ቡሎን ሲሞከር ሁለት ዙር ያህል ይገባና ይነክሳል፤ በቁልፍ ከተገፋ ስፕሪንጉን ይዞት ይዞራል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ቡሎኑን በካሊብሮ (የሚሊ መለኪያ) መለካት ነው። 8 ጥርስ 10 ሚሊ ከሸፈነ ፒቹ 1.25 ነው፤ 12 ሚሊ ከሸፈነ 1.5። ካንዴላው (ኤንጂኬ ቢፒአር6ኢኤስ) 14 በ1.25 ነው፤ ለእሱ የሚሆነው ለብቻው ይሸጣል።

ሳጥኑ የሚጠቅመው ለቀሩት ነው። 6 ሚሊው ለቫልቭ ክዳን፣ ለማራገቢያው ሽፋን እና ለካርቡራቶር ፕሪጆኒየር (ራስ የሌለው ቡሎን) ይሆናል። 8 ሚሊው ለማርሚታ፣ ለዘይት ቤቱ የጎን ክዳን እና ለቴስታታ (የሲሊንደር ራስ) ቡሎኖች። 5 እና 12 ሚሊው በዚህ ሞተር ላይ ብዙም ሥራ የላቸውም።

ስፕሪንጉ የማይዝግ ብረት ሽቦ ነው፤ ሲቆረጥ የሽቦው ፊት ባለ አራት ማዕዘን አልማዝ ቅርጽ አለው፤ ውጪው ከአዲሱ ጥርስ ጋር ይያያዛል፣ ውስጡ ለቡሎኑ ጥርስ ይሆናል። ባዶውን ሲታይ ከጉድጓዱ ትንሽ ይሰፋል፤ ሲገባ ይጨመቅና በራሱ ውጥረት ይይዛል። ሙጫ አያስፈልገውም። የቡሎኑን ጉልበት የሚሸከመው አሉሚኒየም ስፋት ስለሚጨምር በትክክል የገባ ስፕሪንግ ከፋብሪካው ጥርስ አይደክምም፤ ተደጋጋሚ መፍታትንም ይችላል።

ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት ታፑ ላይ ነው። የዚህ ሥራ ታፕ ተራ ታፕ አይደለም። የ6 ሚሊው ስፕሪንግ ታፕ ውጪው ወደ 7.3 ሚሊ ይጠጋል፣ ፒቹ 1 ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሲሰበር በምትኩ ተራ 7 በ1 ታፕ የሚጠቀም አለ፤ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉና። ያ ጉድጓድ በ0.3 ሚሊ ይጠባል፤ ስፕሪንጉ ከመጠን በላይ ይጨመቅና ቡሎኑ አይገባም፤ ከገባም ይጣበቃል። በ8 ሚሊው ደግሞ የአዲሱ ጥርስ ውጪ ወደ 9.6 ሚሊ ይደርሳል፤ ከጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አሉሚኒየም የሳሳ ከሆነ ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩን መለካት ይገባል።

ፑንታው ለምን አይታመንም? ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ጠርዙ ቶሎ ይደንዛል፤ የደነዘ ፑንታ አሉሚኒየሙን አይቆርጠውም፣ እየገፋ ያቀልጠዋል፤ ጉድጓዱም ይሞላለላል። ከሥራ በፊት በካሊብሮ ይለካ፦ ለ6 ሚሊ 6.3 አካባቢ፣ ለ8 ሚሊ 8.3 ወይም 8.4 መሆን አለበት። ከዚህ ከሰፋ ጥርሱ ጥልቀት አይኖረውም። ለሁለቱ መጠኖች ጥሩ ፑንታ ለየብቻ መግዛት ይሻላል። ትራፓኖው በዝግታ ይዙር፤ ማርሚታው ላይ የተበላው ጉድጓድ ከሆነ ቴስታታውን አውርዶ ሞርሳ ላይ አስሮ መሥራት ነው፤ በእጅ በተያዘ ትራፓኖ ቀጥ ብሎ መግባት ዕድል ነው።

ለአሉሚኒየም ጥርስ ማውጫ ላምባ ከሞተር ዘይት ይበልጣል፤ ፍርፋሪው ታፑ ላይ አይጣበቅም። ታፑ ግማሽ ዙር ይገባል፣ ሩብ ዙር ይመለሳል፤ ከበደ ማለት ፍርፋሪ ሞልቷል ማለት ነው፤ ወጥቶ ይጸዳል። ታፑ ከጠንካራ ግን ተሰባሪ ብረት ስለሚሠራ በግድ ሲዞር በድንገት ይሰበርና ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፤ ያኔ ሥራው ከቶርኖ ቤትም በላይ ይሆናል። ሲጨርስ ላምባው በቤንዚን ይታጠባል፣ በአየር ይነፋል።

ማስገባቱ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው በችኮላ ነው። የስፕሪንጉ ጭራ በዘንጉ ስንጥቅ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ወደ ታች አይገፋም። ከተገፋ አንዱ ቀለበት የሌላውን ጥርስ ይዘልላል፤ ቡሎኑም ከመሃል ላይ ይቆማል። የላይኛው ጫፍ ከፊቱ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ገብቶ ሲቆም በቂ ነው። ጭራው በመስበሪያው አንድ ጊዜ በደንብ ሲመታ ይቆረጣል። የወደቀችው ቁራጭ ተፈልጋ መውጣት አለባት፤ የማይዝገው ብረት ብዙ ጊዜ በማግኔት አይያዝምና ግራሶ የተቀባ እንጨት ይሻላል።

ወደ ማፍሰሻው እንመለስ፤ እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ያለምክንያት ይባክናል። ጥርሱ የሚበላው ዘይት ሲንጠባጠብ ሮንዴላውን ከመቀየር ይልቅ ቡሎኑ ደጋግሞ ስለሚጠብቅ ነው። ዘይቱን የሚይዘው ሮንዴላው ነው፣ ጥርሱ አይደለም። ጂኤክስ 160 ግን በዘይት ቤቱ በሁለቱም ጎን ማፍሰሻ አለው፤ አንዱ ሲበላሽ ዘይቱን በሌላኛው ማፍሰስ ይቻላል፤ የተበላሸው አንዴ በደንብ ከተደፈነ ዳግም የሚነካው የለም። ቢጠገን ደግሞ 10 በ1.25 ስፕሪንግ ከራሱ ታፕ ጋር ይገዛል፤ የጉድጓዱ አፍ በፑንታ ብዙ እንዳይሰፋ መጠንቀቅ ነው። የአዲሱ ጥርስ ውጪ 11.6 ሚሊ ይደርሳል፤ ሮንዴላው የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ቀለበት ከተበላ የትኛውም ቡሎን አያቆመውም። በራሱ ጥርስ እየቆረጠ የሚገባው ወፍራም ማፍሰሻ ቡሎን ለዚህ ሞተር አይመከርም፤ እንደ ሽብልቅ ስለሚገፋ ክፈፉን ይሰነጥቃል።

ካንዴላው ላይ የሽቦ ስፕሪንግ ሳይሆን ድፍን ብረት ቡሽ (ውስጡም ውጪውም ጥርስ ያለው ቱቦ) ይመረጣል። ካንዴላው በየጊዜው ይፈታል፣ ከሙቀት ጋር ይሠራል፤ ሽቦው ከካንዴላው ጋር ተጣብቆ አብሮ የሚወጣበት ጊዜ አለ። የሽቦው ዓይነት ብቻ ከተገኘም ይሠራል፤ ጭራው ግን በመስበሪያ አይመታም፤ በቀጭን አፍ ፒንሳ ተይዞ ወደ ላይና ወደ ታች እየታጠፈ ይሰበራል። ለካንዴላ የሚሸጠው ታፕ ጫፉ 14 በ1.25 ሆኖ ከተረፈው አሮጌ ጥርስ ጋር እየሄደ ይመራል፣ ከኋላው ያለው ክፍል ትልቁን ጥርስ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ከፑንታ ይልቅ ቀጥ ይላል። አሮጌው ጥርስ ጨርሶ ካለቀ ግን መሪ አያገኝም፤ ሥራው የቶርኖ ቤት ነው።

ቴስታታውን ሳያወርዱ፣ ታፑን ግራሶ ቀብቶ ፍርፋሪውን ለመያዝ የሚሞክር ብዙ ነው። በመኪና ላይ ሊገባን ይችላል። እዚህ ቴስታታውን የያዙት አራት ቡሎኖች ናቸው፤ ከካርቡራቶር፣ ከማርሚታ እና ከሽፋኑ ጋር ቢደመርም ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ የአሉሚኒየም ፍርፋሪ ቫልቩ መቀመጫ ላይ ቢቀር ሞተሩ ኮምፕሬሽን ያጣል። ሲመለስ ጓርኒሲዮኑ (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን፤ ቡሎኖቹ በሰያፍ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ደረጃ፣ እስከ 24 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ።

ካንዴላው በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው ይግባ፤ በቁልፍ የተጀመረ ካንዴላ ነው ጥርስ የሚበላው። አዲስ ከሆነ መቀመጫው ላይ ከደረሰ በኋላ ግማሽ ዙር፣ አሮጌ ከሆነ ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ ዙር ይጠበቃል፤ ቶርክ ሬንች ላለው 18 ኒውተን ሜትር። ሞተሩም ቀዝቃዛ ይሁን።