ጀበናው ጥሩ ነው፤ ሳጥኑ ግን ይነሣ

ቅዳሜ ጠዋት ከኮሎራዶ የመጣውን የእህቴን ልጅ ይዤ ቸርችል ጎዳና ላይ ወዳለ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር ገባሁ። ዕቃቸው ጥሩ ነው፤ የነጠላው ጥለት የእጅ ሥራ ነው፣ ጀበናው በደንብ የበሰለ ሸክላ ነው፣ ዋጋውም ሲከራከሩት ይወርዳል።

ልጁ መስቀሎቹን እያየ ሳለ ሻጩ ከባንኮኒው ሥር አንድ ካርቶን ሳበ። ድንጋይ የሆኑ የባሕር ቅርፊቶች፣ ድንጋይ የሆነ እንጨት፣ በጥጥ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ጥርስ። «ከአባይ በረሃ የመጡ ናቸው፣ እናቴ» አለኝ።

«ከየትኛው ገደል? ከየትኛው የአፈር ንብርብር?»

አያውቅም። በጆንያ ከሚያመጣ ሰው ነው የገዛው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁና ይህ ያንገበግበኛል። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት የታወቀው፣ የተገኘችበት ስፍራ ተመዝግቦ በዚያው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ስለተመረመረ ነው። ያ ጥርስ ግን ዕድሜውን የሚነግርለት አፈር ከሥሩ ተነጥቋል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግልጽ ነው። ቅርስ ለመፈለግና ለመቆፈር የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሳይፈልገው በአጋጣሚ ያገኘም ወዲያው አሳውቆ፣ ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ይጠብቀዋል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ሻጩ «ደረሰኝ እንቆርጣለን» አለ። ደረሰኝ ፈቃድ አይደለም! ቦሌ ላይ ሻንጣው የሚፈተሸው እንግዳው ነው።

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ በእረፍት ቀኑ ቅሪተ አካል ይለቅማል። እዚያ በብዙው የፌዴራል የሕዝብ መሬት ላይ ማንም ሰው ቅርፊትና የተክል ቅሪት በልክ፣ ድንጋይ የሆነ እንጨት ደግሞ በቀን 11 ኪሎ ግራም ያህል ለራሱ መውሰድ ይችላል። አጥንትና ጥርስ ግን ፈቃድ ላለው ተመራማሪ ብቻ ነው። «እዚያም ቢሆን የለቀምኩትን መሸጥ አልችልም፣ አክስቴ» አለና ጥርሱን ወደ ጥጡ መለሰው።

ሁለት ጀበና ገዝተን አምስት ኪሎ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ወጣን። ምድር ቤቱ ውስጥ ከድንቅነሽ ቅጂ ፊት ለፊት ረጅም ጊዜ ቆመ።

ለመደብሩ ከአምስት ሁለት ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱም ለሸክላውና ለሽመናው ናቸው። ሳጥኑን ለቅርስ ባለሥልጣን አስረክቡ ብዬ ለሻጩ ነግሬዋለሁ፤ ለባለቤቱ እንደሚያደርስ ቃል ገብቶልኛል። በሚቀጥለው ወር ለጎረቤቴ ጀበና ልገዛ ስመለስ መጀመሪያ የማየው የባንኮኒውን ሥር ነው።