ባለ 4 ቻናል ዲጄ ኮንትሮለር፣ አመት ሊሞላው ሲል፦ የላዩን ተዉትና ጀርባውን እዩ

ይሄን ኮንትሮለር (ላፕቶፕ ላይ ያለውን ዘፈን በእጅ ምንቆጣጠርበትና ምናቀላቅልበት ሰሌዳ) የገዛሁ ሰሞን "እንዴት ነው?" ላለኝ ሁሉ መልስ አልሰጥም ነበር፣ ገና ላስቲኩ ሳይነሳ ሚጻፍ ግምገማ ምኑ ግምገማ ነው። አሁን ግን አመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው፣ ከረቡዕ እስከ እሁድ ስራ ተደራርቦ እንቅልፍ ሚጠፋበትን ሳምንትም ስልክ ማይጮህበትን ሳምንትም አብረን አይተናል፣ ስለዚ ልናገር። ብራንዱን አልጠራም። ምለው ነገር በዚ ደረጃ ያሉትን አብዛኞቹን ይመለከታል፤ ባለ 4 ቻናል፣ ሁለት የማይክ መግቢያ፣ ማስተሩ (ወደ ሰው ሚሄደው ዋናው ድምፅ) በኤክስኤልአርም በአርሲኤም ኬብል ሚወጣ፣ ለብቻው ቡዝ አውት (ዲጄው ራሱ ሚሰማበት ስፒከር መውጫ) ያለው፣ የራሱ አዳፕተር ያለውና ከላፕቶፕ ጋር ሚሰራ።

ስገዛው ሁሉም ሰው ሚያወራው ስለ ላዩ ነበር። ፓዶቹ (በጣት ሚመቱት ቁልፎች) ስንት ከለር ያበራሉ፣ ኢፌክቱ ስንት ነው፣ ጆግ ዊሉ (ዘፈኑን በእጅ ምናዞርበት ክብ) መሀል ላይ ስክሪን አለው ወይ ምናምን። እውነት ለመናገር ከፓዶቹ ግማሹን ነክቻቸው አላውቅም፣ ሆት ኪው (ዘፈኑ ውስጥ ምልክት ያደረግኩበት ቦታ መዝለያ) እና ሉፕ (አንድ ቁራጭ ደጋግሞ ማጫወቻ) ካለኝ በቃኝ፣ ከኢፌክቶቹም ኤኮና ፊልተር ናቸው እንጀራዬ፣ ሌላው ለቪዲዮ ነው። ስራ በበዛበት ሳምንት ያዳነኝም ያበሳጨኝም ነገር ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ከጀርባው ነው የመጣው፣ ሶኬቶቹ ጋር።

በቡዝ አውቱ ልጀምር ምክንያቱም ብዙ ጀማሪ "ለምኔ ነው" ብሎ ሚያልፈው እሱን ነው። ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ያሉ ትንንሽ ቤቶች ውስጥ ስፒከሮቹ ወደ ሰው ነው ሚዞሩት፣ ዲጄው ጥግ ላይ ወይ ከስፒከሩ ኋላ ይመደባል፣ ሞኒተር ሚባል፣ ወደ ዲጄው ሚዞር ስፒከር የለም። አሁን ሂሳቡን እዩት፤ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር አካባቢ ነው ሚሄደው፣ ስፒከሩ ከናንተ 10 ሜትር ከራቀ ዘፈኑ ጆሯችሁ ሚደርሰው ወደ 29 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ሄድፎናችሁ ላይ ያለው፣ ከሱ ጋር ምት ለምት ምታገጣጥሙት ቀጣዩ ዘፈን ግን ሳይዘገይ ነው ሚገባው። 128 ቢፒኤም (በደቂቃ 128 ምት) ላይ አንዱ ምት ከሌላው 469 ሚሊ ሰከንድ ነው ሚራራቀው፣ ከዛ ላይ 29 ስትስቱ "ዱም" ሚለው ኪክ "ድ-ዱም" ይሆናል፣ እናንተ ጋር ግጥም ብሎ እየተሰማ ዳንስ ፍሎሩ ላይ ግን ሁለት ኪክ ነው። ሲንክ (ሶፍትዌሩ ራሱ ምቱን ሚያገጣጥምበት) ምትጠቀሙ ከሆነ ይሄ አያሳስባችሁም ትሉ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ፣ ቢትግሪዱ (ሶፍትዌሩ በየምቱ ላይ ያሰመረው መስመር) ትክክል እስከሆነ ድረስ። የድሮ በላይቭ ድራመር የተቀዳ ዘፈን ስትጭኑ ግን ቢትግሪዱ መሀል ላይ ይንሸራተታል፣ ያኔ በጆሮ መያዝ የግድ ነው። ስለዚ እኔ ትንሽ ፓወርድ ስፒከር ይዤ ነው ምሄደው፣ ቡዝ አውቱ ላይ ሰክቼ ጎኔ አስቀምጠዋለሁ፣ አለቀ። እሱን መያዝ ካልቻላችሁ ሄድፎኑ ላይ ያለውን የኪው ሚክስ ቁልፍ መሀል አድርጉና ሁለቱንም ዘፈን እዛው ስሙ፣ ግን ማታውን ሙሉ እንደዛ መስራት ጆሮ ያደክማል።

ጆሮ ካነሳን አይቀር የቡዝ አውቱ ሌላው ጥቅም የራሱ ቮሊውም ያለው መሆኑ ነው። የአሜሪካው የስራ ደህንነት ምርምር ተቋም ናዮሽ ሚለው 85 ዴሲቤል ላይ በቀን 8 ሰአት፣ ከዛ በየ 3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። ክለብ ውስጥ 100 ብርቅ አይደለም። እኔ በአንድ ምሽት ምጫወተው ደግሞ አራት አምስት ሰአት ነው፣ ያውም በተከታታይ ምሽቶች። ዘፈን ስሚክስ ብቻ ቡዙን ከፍ አደርጋለሁ፣ ሚክሱ ሲያልቅ ዝቅ። ይቺ ልማድ ከመጣች ወዲህ ቅዳሜ ሌሊት አልጋ ላይ ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ የነበረው ሲሪሪ ሚል ነገር ቀንሷል። ማጣሪያ ያለው የጆሮ መድፈኛም አለኝ፣ እሱን ግን ስሚክስ አላደርገውም፣ ቤዙን አሳስቶ ያሰማኛል።

ማይኩ ጋር ስንመጣ ደስታም ንዴትም አለ።

የድርጅት ዝግጅትና ሰርግ ላይ ዲጄ ማለት ግማሽ ሳውንድማን ማለት ነው፣ ዘፈኑ ትንሽ ቢበላሽ ማንም አያስተውልም፣ ንግግር ሚያደርገው ሰውዬ ድምፁ ካልተሰማ ወይ ማይኩ ከጮኸ ግን አዳራሹ ሙሉ ወደናንተ ነው ሚዞረው። የኔ ኮንትሮለር ቶክኦቨር አለው፣ ሰው ሲያወራ ሙዚቃውን በራሱ ዝቅ ያደርግልኛል፣ ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርገው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማስተካከል አለባችሁ ምክንያቱም ሲመጣ የነበረው መጠን ለንግግር ትንሽ ነበር። ደግሞ የማይኩ ድምፅ ወደ ቡዝ አውት አይሄድም። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ጉድለት ሲያማርረው ሰምቻለሁ፣ እኔ ግን እንደ በረከት ነው ማየው፣ ማይክ ይዞ አጠገቤ ሚቆም ሰውና ሞኒተሬ አይገናኙም፣ ማይኩ ሚጮህበት አንዱ ምክንያት ከነጭራሹ ጠፋ ማለት ነው።

ንዴቱ ፋንተም ፓወር (በማይኩ ኬብል ሚላክ መብራት) የለውም። ኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት ይፈልጋል፣ እሱ ካልተሰጠው ሞተ፣ ፖዲየም ላይ ምታዩዋቸው ቀጫጭን አንገተ ረጃጅሞቹ ማይኮች ደግሞ አብዛኞቹ ኮንደንሰር ናቸው። አዳራሹ የራሱ ሚክሰር ካለው ችግር የለም፣ ማይኩ እዛ ይሰካል እኔም ማስተሬን እዛ አስገባለሁ። ከሌለው ግን እኔ ይዤ ምመጣው ዳይናሚክ (መብራት ማይፈልግ) ማይክ ነው ሚሰራው፣ ይሄን ለአዘጋጁ ቀድማችሁ ንገሩ። ሌላ ሰው ሁሉ ሚስተው ነገር፣ የዋየርለስ ማይክ ሪሲቨሮች ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ ማይክ እና ላይን ሚል ማብሪያ አላቸው፣ ላይን ላይ ሆኖ ወደ ማይክ መግቢያ ከሰካችሁት ጌይኑን (የመግቢያውን መጠን) ምን ዝቅ ብታደርጉት ድምፁ ይሰነጣጠቃል። ኮንትሮለሩን ነው ሰው ሚሰድበው፣ ጥፋቱ ግን ያቺ ማብሪያ ናት።

ድምፅ ውስጥ ስለሚገባው "ኡኡም" ደግሞ። ላፕቶፑ በአንድ ሶኬት ስፒከሩ በሌላ ሶኬት ሲሆን የሁለቱ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) በተለያየ መንገድ ይገናኝና ዙሪያ ይፈጥራል፣ እንደየአገሩ መብራት 50 ወይ 60 ኸርዝ እና የሱ ድርብ ድርብ ሆኖ ይሰማል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት፣ ድምፁ ከጠፋ እሱ ነው። መፍትሄ ብለው ሶኬቱ ላይ ያለውን የመሬት እግር ሚያጥፉ ወይ ሚሸፍኑ አሉ፣ ወገን እንዳታደርጉት፣ ያ እግር ያለው ኤሌክትሪክ እንዳይገድላችሁ ነው። አንደኛ ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ስኩ፣ ካልሆነ መሀል ላይ አይዞሌተር ትራንስፎርመር አስገቡ፣ ትንሽ ሳጥን ናት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ሁሌም አለች። ረጅም ኬብል ከሆነ ደግሞ አርሲኤሙን እርሱትና ኤክስኤልአሩን ተጠቀሙ፣ ባላንስድ ስለሆነ መንገድ ላይ ሚሰበስበውን ጫጫታ መጨረሻ ላይ ያጣፋዋል። ኤክስኤልአር የሌለው ረከስ ያለ ሞዴል ሊሸጡላችሁ ሲሞክሩ ሚቀንሱላችሁ ብር ይሄን አይመልስም።

ከሁሉም ያናደደኝ የዩኤስቢ ሶኬቱ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ መላላት ጀመረ፣ ኬብሉ ትንሽ ሲነካ ላፕቶፑ ኮንትሮለሩን "አላውቀውም" ይላል፣ ድምፅ ካርዱ ውስጡ ስለሆነ ደግሞ ሙዚቃው በሙሉ ነው ሚቆመው። ዋስትና ውስጥ ነበር፣ አስመጪው ግን እቃውን ለሳምንታት ተውልን አለ፣ ለሳምንታት ትቼው በምን ልስራ? አሁን ኬብሉን አንድ ዙር አድርጌ ከጀርባው ላይ በጋፈር ቴፕ ለጥፌዋለሁ፣ ሲጎተት ቴፑ ነው ሚጎተተው ሶኬቱ አይደለም። ይሰራል ግን ለዚ ገንዘብ ቴፕ መለጠፍ አልነበረብኝም። ለማንኛውም ስልኬ ላይ የሁለት ሰአት ሚክስ ተጭኖ ከአርሲኤም ኬብል ጋር ዝግጁ ነው፣ ኮንትሮለሩ ላይ ላፕቶፕ ባይኖርም ሚሰራ ላይን መግቢያ ስላለ እዛ ውስጥ ስልኩን ሰክቼ ነው ምጀምረው፣ ላፕቶፑ ሲሞት አንድ ፌደር (የድምፅ መጠን ተንሸራታች) መክፈት ብቻ ነው።

አርብ አርብ ኮንትሮለሩ ቤት ነው ሚያድረው። ክለቦቹ የራሳቸው ፕሌየር አላቸው፣ ብዙ ጊዜ ሲዲጄ ሚባለው የፓዮኒር ማጫወቻ፣ የኔ እቃ ደግሞ ስፋቱ ከ70 ሴንቲ በላይ ስለሆነ የነሱ ጠረጴዛ ላይ ቦታ የለውም። ችግሩ እዚ ጋር ምን መሰላችሁ፣ የኔ ኮንትሮለር ሚጠቀመው ሶፍትዌር ሌላ ነው፣ ሲዲጄዎቹ ዌቭፎርሙን (የዘፈኑን የሞገድ ስዕል) እና ኪው ፖይንቱን (ያደረግኩበትን ምልክት) አንብበው እንዲያሳዩ ፍላሹ አብዛኛውን ጊዜ በሬኮርድቦክስ (የሲዲጄዎቹ የራሳቸው ሶፍትዌር) መዘጋጀት አለበት። ስለዚ አንድ ዘፈን ሁለት ቤት ነው ያለው። ማክሰኞ አዲስ ዘፈን አስገብቼ ኪው አድርጌ ታግ አስተካክዬ ስጨርስ ሀሙስ እንደገና ለፍላሹ፣ ሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ ግን ኪው ፖይንቱን ትንሽ ፈቀቅ አርገው ሚያመጡበት ጊዜ ስላለ እያንዳንዱን ማየቱ አይቀርም። ከመግዛታችሁ በፊት ምትሰሩባቸው ክለቦች ምን እንዳላቸው ጠይቁና ቢቻል ሶፍትዌሩ ተመሳሳይ የሆነውን ውሰዱ፣ ስለዚ ነገር አንድም ቪዲዮ ላይ ሲያወሩ አልሰማሁም። ፍላሹን ደግሞ ፋት 32 በሚባለው ፎርማት አድርጉት፣ የድሮዎቹም የአሁኖቹም ፕሌየሮች ያነቡታል፣ ሁለት አንድ አይነት ፍላሽ ያዙ፣ አንዱ ኪስ አንዱ ቦርሳ።

እሁድ ቀን ውጪ ሚሰራ ስራ ሲኖር ሌላ ታሪክ ነው። ፀሀይ ላይ ስክሪኑ አይታይም፣ ጥቁሩ ኮንትሮለር ይግላል፣ ላፕቶፑም ሲግል ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንስና ድምፁ ጠቅ ጠቅ ማለት ይጀምራል። ቤት ውስጥ ባፈሩን (ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት ሚያዘጋጅበትን ፋታ) 128 ሳምፕል አድርጌ ነው ምሰራው፣ 3 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው፣ ውጪ ግን 512 አደርገዋለሁ፣ ወደ 12 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል፣ ስክራች ለሚያደርግ ሰው ይታወቀዋል እኔ ግን አይታወቀኝም። ድምፃዊውን ከሙዚቃው ለይቶ ሚያወጣውን ስቴምስ ሚሉትንም አጠፋዋለሁ፣ እሱ ነው ላፕቶፑን ሚያቃጥለው። የጆግ ዊሉ አናት ንክኪ ሚያውቀው እንደ ስልክ ስክሪን በመሆኑ እጅ ሲያልበው ግራ ይጋባል፣ ቪኒል ሞዱን (አናቱ ሲነካ ዘፈኑን ሚይዘውን) አጥፍቼ ጠርዙን ብቻ እየነካሁ ነው ምሰራው።

ስለ ላዩ ሌላ ምለው ብዙ የለኝም። የቻናል ፌደሮቹ አሁንም ለስላሳ ናቸው፣ ክሮስፌደሩ (ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሚያሻግረው ተንሸራታች) መንኮሻኮሽ ጀምሮ ነበር፣ ለፌደር የተሰራ ማጽጃ ነፋሁበትና ተስተካከለ፣ ቤት ያለውን ደብሊውዲ 40 እንዳትነፉበት ብቻ። ኢኪውው ንጹህ ነው፣ ቤዙን ስትቆርጡት ሙሉ በሙሉ ይቆረጣል። ፓዶቹ እንደተገዙ ናቸው፣ ለነገሩ መቼ ተነኩና።

ያገለገለ ምትገዙ ካላችሁ (ዋጋው በጣም ስለሚወርድ እኔም ብሆን ያገለገለ ነው ምመክረው) ሻጩ ፓዱን እያበራ ሲያሳያችሁ በትህትና አመስግኑትና ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ዘፈን አጫውቱ፣ ከዛ ጀርባው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ኬብል በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ወደ ታች ወደ ጎን ወዝውዙ፣ በተለይ ዩኤስቢውንና የፓወሩን። ማይክ ሁለቱም መግቢያ ላይ ሰክታችሁ አውሩ። ቡዝ አውቱ ላይ ስፒከር ሰክታችሁ ቮሊውሙን ከዜሮ እስከ መጨረሻ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ ከተንኮሻኮሸ ዋጋ ቀንሱበት፣ ዩኤስቢው ላይ ድምፁ ከተቋረጠ ግን በምንም ዋጋ አትውሰዱት።